ከጅማ ወደ ሰሜን ተራሮች፦ በጎጃም፣ በወሎ ወይስ በመንዝ?

ጅማ ውስጥ «የሰሜንን ተራራ በመኪና ሄጄ ማየት እፈልጋለሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ገንዘቡ አይደለም፤ ስለ ዕረፍት ፈቃዱ ነው። አብዛኛው ሰው «ሰባት ቀን አለኝ» ይላል። ቀጥሎ ስልኩን ያወጣና ካርታውን ከፍቶ ከጅማ የተራራው መግቢያ እስከሆነችው ደባርቅ ያለውን ርቀት ያሳየኛል፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «በቀን 600 ብንነዳ በሁለተኛው ቀን ማታ ተራራው ሥር ነን» ብሎ ይደመድማል።

እኔም በመጀመሪያው ጉዞዬ እንዲሁ አስልቼ ነበር። በሁለተኛው ቀን ማታ የነበርኩት ደብረ ማርቆስ ነው፤ ያውም የፊት ጎማዎቼ መንገድ ላይ ጨሰው። ምን እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ሄጃለሁ፤ አንዴ በአውቶቡስ፣ አንዴ ከነሹፌሩ በተከራየነው ላንድክሩዘር። ከሦስቱ ጉዞዎች የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ በዚያ አገር መንገድ የሚቆጠረው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በቁልቁለት መሆኑን ነው። ስንት ጊዜ ገደል ወርዳችሁ ስንት ጊዜ እንደምትወጡ ካወቃችሁ የቀኑን ቁጥር ታውቃላችሁ፤ የቀኑን ቁጥር ካወቃችሁ ደግሞ የትኛው መንገድ ለእናንተ እንደሚሆን ለመወሰን ብዙ አትቸገሩም።

ከሁሉ በፊት ግን የሰላሙ ነገር አለ። የእኔ ጉዞዎች በሙሉ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት የተደረጉ ናቸው። ጦርነቱ በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት በፕሪቶሪያው ስምምነት ቢቆምም፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያስወጣ ሌላ ግጭት ተከትሏል። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» ከማለታችሁ በፊት «የትኛው ክፍት ነው?» በሉ። ይህንን ከዜና አትጠብቁ፤ ዜና የሚነግራችሁ ያለፈውን ሳምንት ነው። መናኸሪያ ሄዳችሁ የአገር አቋራጭ ሹፌሮችን ጠይቁ፤ ስትጠይቁም «መንገዱ ሰላም ነው?» አትበሉ። ሹፌር ለእንግዳ «ሰላም ነው» ማለት ይወዳል። «ትናንት የወጣው መኪና ስንት ሰዓት ገባ? የት አደረ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሌላ ጊዜ በአንድ ቀን የሚገባ አውቶቡስ መንገድ ላይ ማደር ከጀመረ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው። መልሱ ካላማራችሁ ዘንድሮን እለፉት።

በጎጃም፦ ሁለት ትልልቅ ገደል፣ ከዚያ በኋላ ሜዳ

ሦስቱም መንገዶች የሚጀምሩት በእኛው መንገድ ነው። ሰርቦ፣ አሰንዳቦ፣ ሰኮሩ፣ ግቤ፣ ወልቂጤ፣ ወሊሶ፣ አዲስ አበባ፤ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ። ግቤን ለጅማ ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግቤ ፈተናችሁ ይሁን። በግቤ ቁልቁለት ፍሬን ረግጦ ረግጦ ድልድዩ ጋ ሲደርስ የተቃጠለ ነገር የሚሸተው ሰው፣ ዓባይን በራሱ እጅ ለመውረድ ገና ነው።

የጎጃሙ መንገድ ከአዲስ አበባ በሱሉልታ፣ በፍቼና በጎሐ ጽዮን አድርጎ ዓባይ ሸለቆ ይገባል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደጋ ተነስታችሁ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ትወርዱና ያንኑ ያህል መልሳችሁ ትወጣላችሁ። ሹራብ ለብሳችሁ ገብታችሁ ታች ስትደርሱ ላብ ያጠምቃችኋል። ከታች ሁለት ድልድይ ጎን ለጎን ይታያል፤ አሮጌው፣ እንዲሁም በጃፓን እርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ።

አሁን የፍሬኑን ነገር ላውራ። የምነዳው የራሴን ኮሮላ ነበር፤ አራት ሰዎች ነን፣ ኮፈኑ ከነሻንጣው፣ ከቡናውና ከማሩ ጋር ሞልቷል። ጎሐ ጽዮንን ያለፍነው ከሰዓት በኋላ ነው። ከፊቴ የጫነ መኪና ነበር፤ ልቅደመው ስል ኩርባ፣ ልከተለው ስል ጭስ። በሦስተኛ ማርሽ እየወረድኩ በፍሬን እይዘዋለሁ። ግማሽ ላይ ስንደርስ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለሰለሰ። ዳር ይዤ በእጅ ፍሬን አቆምኩት፤ ወርደን ስናይ ከሁለቱም የፊት ጎማዎች ጭስ ይወጣል። አንዱ ጓደኛዬ የውኃ ጀሪካን ይዞ ሊያፈስበት ሲሮጥ፣ ከኋላችን የቆመ የጭነት መኪና ረዳት እየጮኸ አስቆመው። የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ከተደፋ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል፤ ዝም ብሎ በነፋስ እስኪበርድ መጠበቅ ነው ያለው። ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን። ረዳቱም ሳይሄድ አብሮን ተቀምጦ ከቆሏችን እየዘገነ፣ ዓባይን መውረድ ማለት አቀበቱን በምትወጣበት ማርሽ መውረድ ማለት እንደሆነ አስተማረኝ። በሁለተኛ ወይም በአንደኛ፣ ሞተሩ እየጮኸ፤ ፍሬን የሚረገጠው አልፎ አልፎ፣ ጠንከር ተደርጎ ነው፤ ከዚያ ይለቀቃል። እግርን ፍሬን ላይ አሳርፎ መውረድ የለም። ማርሹ አውቶማቲክ ከሆነም «ዲ» ላይ ትታችሁ አትውረዱ፤ ዝቅተኛውን ምረጡ።

ከደጀን በኋላ የጎጃም መንገድ ይክሳችኋል። ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፤ ሰፊ እርሻ፣ ጤፍና ባሕር ዛፍ። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው ገደል ሳይሆን ከብት፣ ጋሪና ባጃጅ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች የአየሩ ከፍታ ከጅማ ብዙም አይለይም፤ ዓሣ ብሉ፣ ደህና ተኙ። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከጎንደር ደባርቅ 100 ገደማ ነው። ጎንደር በ2,100 ሜትር፣ ደባርቅ በ2,850፣ በፓርኩ ውስጥ ያለው ሳንቃበር በ3,250 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ይህ መንገድ ሰውነታችሁን ደረጃ በደረጃ ያወጣዋል፤ ከሦስቱ መንገዶች ለጤና የሚሻለውም ለዚህ ነው።

መድረሻው ደግሞ ድካሙን ይክሳል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከ1978 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ውስጥ ገብቶ በ2017 ወጥቷል። ዋልያ በዓለም ላይ ያለው እዚህ ብቻ ነው። ጭላዳ ግን በመቶ ሆኖ ሳር እየነጨ ከእግራችሁ አጠገብ ያልፋል፤ እንደኛ ሰፈር ጦጣ ዳቦ አይነጥቅም፣ ከሳሩ ቀና ብሎም አያያችሁም። ጅንባር ፏፏቴ ወደ ገደሉ የሚወረወርበት ቦታ ላይ ስትደርሱ በሆዳችሁ ተኝታችሁ ነው የምታዩት። ጉልበት ያለው ሰው እሜት ጎጎ ድረስ ይሄዳል፤ 3,926 ሜትር ነው። ራስ ዳሸንን የሚመኝ ደግሞ ሌላ ፈቃድ ይውሰድ፤ በሰባት ቀን ውስጥ አይገባም።

ደባርቅ ላይ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ገብታችሁ መግቢያ ትከፍላላችሁ፣ መሣሪያ የያዘ ጥበቃም ይመደብላችኋል። የአገር ውስጥ ሰው የሚከፍለው ከውጭ ዜጋ ያነሰ ስለሆነ መታወቂያ ያዙ። ጥበቃው ለቁጥር ያህል የተመደበ አይምሰላችሁ። የኛው ሰው ጭጋግ ውስጥ መንገድ ስንስት አንድ ቃል ሳይናገር ቀድሞን ሄደ፤ ተከተልነው፤ ወጣን።

የቀኑ ሒሳብ እንዲህ ነው፤ ሦስት ቀን መሄጃ፣ ሦስት ቀን መመለሻ። በሰባት ቀን ፈቃድ ተራራው የሚያገኘው አንድ ቀን ብቻ ነው። ይህ ለእኔ ጉዞ አይባልም፤ ሹፌርነት ነው። ለጎጃም መንገድ ቢያንስ አሥር ቀን ያዙ።

በወሎ፦ ኪሎ ሜትሩ ያንሳል፣ ማርሹ ይበዛል

የወሎው መንገድ የሚያደርሳችሁ ላሊበላ ነው፤ ከጅማ 1,050 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከደባርቅ በ150 ያንሳል ብሎ የሚደሰት ሰው ቁልቁለቱን አልቆጠረም።

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ጣርማበር ይመጣል። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ጫፍ ላይ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ ታልፉና ወዲያ ማዶ ስትወጡ ምድር ከሥራችሁ ትጠፋለች፤ ደብረ ሲናን በጉም መሐል ከላይ ታዩታላችሁ። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። ጠዋት ጋቢ፣ ቀትር ላይ ከነቴራ። ቀጥሎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎ አቀበት አለ፤ አጭር ነው፣ ግን ከጫነ መኪና ኋላ ከገባችሁ ረጅም ይሆናል። ከደሴ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ ወደ ወልዲያ ትወርዳላችሁ። ከወልዲያ ደግሞ ዛሬም ብዙ ሰው «የቻይና መንገድ» በሚለው ወደ ወረታ በሚሄደው መስመር ድልብን ትወጣላችሁ፤ እኔ እንዳየሁት ከሁሉም የሚያደክመው ይህ አቀበት ነው። ጋሸና ላይ ወደ ቀኝ ተገንጥላችሁ ላሊበላ ለመድረስ ሌላ 64 ኪሎ ሜትር ይቀራችኋል፤ እሱም ቁልቁለት አለው።

ግቤን ጨምሮ አምስት ትልልቅ መውረጃና መውጫ ቆጠርኩ። የጎጃሙ ሁለት ነበር።

ታዲያ ማን ይምረጠው? መንገዱን ራሱን ማየት የሚወድ ሰው። በጎጃም መንገዱ መሄጃ ብቻ ነው፤ በወሎ ግን መንገዱ ራሱ ትርኢት ነው። ደግሞ ለጅማ ሰው የተለየ ነገር አለው። ከሸዋ ሮቢት ወዲያ ከሚሴ ስትደርሱ ቡና ቤት ቁጭ ስትሉ ዙሪያውን አፋን ኦሮሞ ትሰማላችሁ፤ አነጋገሩ ከኛ ትንሽ ይለያል፣ ግን ከቤት በ700 ኪሎ ሜትር ርቃችሁ «አካም ጅርቱ» መባባል ደስ ይላል። ከጓደኞቻችን አንዱ የሂርማታ ነጋዴ ነው፣ ሙስሊም ነው፤ በጎጃም መስመር ሥጋ ባማረው ቁጥር የሙስሊም ሥጋ ቤት ፍለጋ ከተማ መዞር ነበረበት፣ አንዳንዱ ቦታ ላይም ከሽሮና ከእንቁላል አላለፈም። በኮምቦልቻና በደሴ ግን ምግቡ ሳያስቸግረው፣ ጁምዓውም ሳያመልጠው ተጓዘ። ጥቂት የሚመስል ነገር ነው፤ አሥር ቀን አብሮ ለሚጓዝ ሰው ግን ትልቅ ነው። ቡድናችሁ ድብልቅ ከሆነ ይህን አስቡ።

ላሊበላ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ የሚያምም ከፍታ አይደለም። ወላጆቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ወሎን ነው የምመርጥላችሁ። እናቴ ሳንቃበርን አትችለውም፤ አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ግን ቀስ እያለች ትዞራቸዋለች። ተራራ ብቻ የሚፈልግ ወጣት ግን ላሊበላ ደርሶ «ተራራው የታለ?» እንዳይል፤ ተራራው የመጣበት መንገድ ነው።

በትግራይ፣ ከመቀሌ ወዲያ ስላሉት የገራልታ ተራሮች የሚጠይቁኝም አሉ። ከወልዲያ ቀጥ ብሎ በአላማጣ፣ በማይጨውና በአምባ አላጌ መቀሌ ይገባል፤ ከአዲስ አበባ መቀሌ ብቻ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጅማ በመኪና ለሚነሳ ሰው ሁለት ሳምንት ይጠይቃል። ያን ያህል ፈቃድ ያለው ሰው እኔን ምክር ባይጠይቀኝም ይሆናል።

መንዝ፦ ሰዎች የሚረሱት

ሰባት ቀን ላለው የጅማ ሰው የእኔ መልስ ይህ ነው፤ የመንዝ ጓሳ።

ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከጅማ 610 አካባቢ ነው። ጣርማበር ላይ ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት ወደ ግራ ትገነጠሉና በመዘዞ በኩል ወደ መሐል ሜዳ በከፍታው ጀርባ ላይ ትሄዳላችሁ። ከግቤ ሌላ የምትወርዱት ትልቅ ገደል የለም! ዓባይንም፣ ሐረጎንም፣ ድልብንም ትተዋላችሁ። በመጀመሪያው ቀን ሰንዳፋ ብታድሩ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጓሳ ናችሁ። ሦስት ሙሉ ቀን ተራራ ላይ ትሆናላችሁ፤ ሁለት ቀን ለመመለሻ። በጎጃም አሥር ቀን የሚጠይቀው ነገር እዚህ በሰባት ያልቃል።

ምን ታያላችሁ? ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ባለው ደጋ ላይ ጅባራ፣ የጓሳ ሳር፣ ጭላዳ፣ ዕድል ከቀናችሁም ቀይ ቀበሮ። ቀይ ቀበሮን በሰሜን ተራሮች ሦስት ቀን ፈልጌ ጆሮዋን አላየሁም፤ በጓሳ ግን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አይጥ ስታድን አገኘኋት፤ ከመንገዱ መቶ እርምጃ አትርቅም። ዋልያ የለም። እንደ ሰሜን ተራሮች ያለ ልብ የሚያቆም ገደልም የለም፤ የጓሳ ውበት የሚገባው ዝም ብሎ መቀመጥ ለሚችል ሰው ነው። ዘለው ፎቶ ለሚያነሱት ይሰለቻል።

ጓሳውን ለዘመናት የጠበቀው መንግሥት ሳይሆን ሕዝቡ ነው። ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሳሩ ለዓመታት ተከልክሎ ይቆይና ለአጨዳ ይከፈት ነበር፤ ሳሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ነው። (ቃሉ በእኛ አካባቢ ሌላ ትርጉም እንዳለው አውቃለሁ፤ እዚያ ስለ ሳር ነው የሚወራው።) ዛሬም የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው፤ የምታድሩበትም ማኅበረሰቡ የሚያስተዳድረው ቀላል ማረፊያ ወይም የራሳችሁ ድንኳን ነው። ምግብ ይዛችሁ ሂዱ። ሆቴል፣ ሙቅ ውኃ፣ ዋይፋይ ለሚል ሰው አይሆንም።

አንድ ጉድለቱን ልናገር። ከፍታው ቶሎ ይመጣል። ጠዋት ሰንዳፋ ቡና ጠጥታችሁ ማታ 3,200 ሜትር ላይ ትተኛላችሁ። ከፍታ የሚያስቸግረው ሰው ካለ ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ አንድ ሌሊት ጨምሩ። ከጉዞው በፊት ራሳችሁን መፈተን ከፈለጋችሁ ሁለት ቅዳሜ ጅሬን ድረስ በእግር ውጡ፤ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በር ላይ ደርሶ ማውራት የማይችል ሰው ሳምባውን ያሠልጥን። ተራራው ላይ ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣና በእረፍት ካልተሻለ መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ «ነገ ይሻለኛል» አይባልም።

ስለ ነቀምቴው አቋራጭ

በካርታ ላይ ጅማ፣ አጋሮ፣ በደሌ፣ ነቀምቴ፣ ቡሬ፣ ባሕር ዳር ብሎ የሚሄደው መስመር አዲስ አበባን ያስቀራል፤ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ያሳጥራል። በሰላም ጊዜ እኔም እመርጠው ነበር፤ እስከ በደሌ ያለው የጫካ ቡና አገር ብቻውን ጉዞ ነው። ግን ምሥራቅ ወለጋን አቋርጦ ወደ ዓባይ የሚወርደው ክፍል ባለፉት ዓመታት ሰላም ርቆት የቆየ ነው። አትሞክሩት።

የራስ መኪና፣ ኪራይ ወይስ አውቶቡስ?

ኮሮላና ቪትዝ ደባርቅ አይደርሱም የሚል ሰው አትስሙ፤ አስፋልት ነው፣ ይደርሳሉ። የሚያስቸግራቸው ከደባርቅ በላይ ወደ ሳንቃበርና ጨነቅ የሚወስደው ጠጠር መንገድ ነው፤ ሲረጥብ ጭቃው ይይዛል፣ ድንጋዩ የዘይት ቋት ይነካል። ከፍታውም ሞተሩን ያደክማል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ ሳንቃበር ላይ ሲሶው የለም ማለት ነው። አምስት ሰው ጭኖ ጠጠር አቀበት ላይ የሚንደፋደፍ ትንሽ መኪና ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ቱርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር ይህን ያህል አይደክምም።

ስለዚህ ለጎጃም የምመክረው፣ የራስን መኪና እስከ ጎንደር ወይም ደባርቅ ነድቶ፣ እዚያ በጠባቂ ግቢ አቁሞ፣ ለተራራው ብቻ ባለ አራት ጎማ መንጃ መኪና ከሹፌር ጋር በኮንትራት መያዝ ነው። ከጅማ ጀምሮ ላንድክሩዘር ከተከራያችሁ የምትከፍሉት አብዛኛው ቀን አስፋልት ላይ የሚያልፍ ቀን ነው። የነዳጁንም ሒሳብ እዩት፤ ደርሶ መልስ 2,400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ኮሮላ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ቢፈጅ 192 ሊትር፣ ላንድክሩዘር 13 ሊትር ቢፈጅ 312 ሊትር። በምትወጡበት ቀን ዋጋ አባዙት። ለመንዝ ግን ከፍ ያለ መኪና፣ ሃይሉክስም ቢሆን፣ ከቤት ይዞ መውጣት ይሻላል፤ በመሐል የምትከራዩበት ቦታ የለም።

አውቶቡስ ርካሽ ነው፣ ገደሉን የሚያውቅ ሹፌር አለው፣ እናንተ ትተኛላችሁ። ጉድለቱ መቆም አለመቻሉ ነው። ዓባይ ሸለቆ ውስጥ «አንድ ጊዜ አቁምልኝ፣ ልየው» ብል ረዳቱ እንዴት እንዳየኝ አልረሳውም። ብቻውን ለሚሄድ ሰው አውቶቡስ፣ ለሦስትና ለአራት ሰው መኪና። ገንዘብ ያለውና ጊዜ የሌለው ደግሞ ከጅማ በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጎንደር ወይም ላሊበላ ይግባ፤ ተራራውን ያገኛል፣ መንገዱን ያጣል።

የራሳችሁን መኪና ከወሰዳችሁ ከመነሳታችሁ ከአንድ ሳምንት በፊት፣ ዋዜማው ላይ ሳይሆን፣ ለመካኒክ አሳዩት። እኔ ዋዜማው ላይ ሄጄ «ደህና ነው» ተባልኩ፤ የፍሬን ሸራው ሊያልቅ ጥቂት የቀረው መሆኑን ያወቅሁት ደብረ ማርቆስ ላይ ነው። የፍሬን ሸራና ዘይቱ፣ የራዲያተር ውኃው፣ ባትሪው፣ ጎማው፣ ትርፍ ጎማው ነፋስ መያዙ፣ ክሪኩ መሥራቱ። ነዳጅ ከግማሽ በታች አታውርዱ፤ ማደያ ማየት ነዳጅ ማግኘት ማለት አይደለም፣ ሰልፍ ማየትም ሊሆን ይችላል። ለሰሜን ተራሮች ጎንደር ላይ፣ ለመንዝ ደብረ ብርሃን ላይ ሙሉ።

ሹፌሩ በርጫ ይዞ ሌሊቱን ሊነዳላችሁ ከፈለገ መልሳችሁ አስተኙት። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ አይነዳም፤ መብራት የሌለው ጋሪ፣ አስፋልት ላይ የተኛ ከብት፣ መሐል መንገድ የቆመ የተበላሸ ጭነት መኪና አለ።

አዲስ አበባን ስለ ማቋረጥም አንድ ቃል። ከጅማ የሚመጣ ሰው በሰበታና በአየር ጤና ገብቶ እዚያው አካባቢ ያድርና ጠዋት ከተማውን ለማቋረጥ ይነሳል። ስሕተት ነው፤ የነገው ቀን ግማሽ በትራፊክ ያልቃል። ደክሟችሁም ቢሆን በዚያው ቀን አቋርጣችሁ በመውጫው በኩል እደሩ፤ ለጎጃም ሱሉልታ፣ ለወሎና ለመንዝ ለገጣፎ ወይም ሰንዳፋ። ከጅማ የምትነሱበት ቀን እሑድ ቢሆን ደግሞ ከተማው ራሱ ይለቃችኋል።

መቼ፣ ምን ለብሶ፣ ምን በልቶ

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር፤ ክርክር የለውም። ምድሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ ዝናቡ አቁሟል፣ አየሩ ጥርት ያለ ነው። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ ያምራል ግን ሌሊቱ ውርጭ ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ላሊበላን፣ ጥምቀት ጥር 11 ጎንደርን ይሞላሉ፤ በዓሉን ካልፈለጋችሁ በእነዚያ ቀናት አትድረሱ፣ ከፈለጋችሁት ማደሪያችሁን ቀደም ብላችሁ ያዙ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ጣርማበር ላይ የመኪናችሁን አፍንጫ አታዩም።

የጅማ ብርድ የዝናብ ብርድ ነው፤ ሹራብና ጃንጥላ ይበቃዋል። የተራራው ብርድ ደረቅ ነው፣ ነፋስ አለው፣ ፀሐይ ከገባች በግማሽ ሰዓት ውስጥ አጥንት ይገባል። በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ብላችሁ አስሉ። ወፍራም ጃኬት፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ሁለት ካልሲ፣ ከሁሉም በላይ ጋቢ። ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ፊት ይልጣል፤ ባርኔጣ ያዙ።

ዐቢይ ጾም ውስጥ ወይም ረቡዕና ዓርብ ላይ ከሄዳችሁ በትንንሽ ከተሞች የምታገኙት የጾም ምግብ ነው። ለስንቅ ጭኮ የሚያህል አላገኘሁም፤ አይበላሽም፣ ሆድ ይይዛል፣ እሳት አይፈልግም። ቆሎና በሶ ጨምሩ። ተራራ ላይ ሽንብራ ወይም ባቄላ ልቀቅል የሚል ሰው አብሯችሁ ካለ አስጠንቅቁት፤ ሳንቃበር ላይ ውኃ የሚፈላው በ89 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ማታ የተጣደ ጠዋትም አይበስልም። ጀበና ግን ቶሎ ይፈላል።

ቡና በብዛት ያዙ። ለጥበቃው፣ ለማረፊያው ሰው፣ መንገድ ላይ ለሚረዳችሁ ሁሉ ከገንዘብ ይልቅ ግማሽ ኪሎ የጅማ ቡና ስጦታ ነው። ያ የዓባይ ረዳት የወሰደው አንድ ኪሎ ነው፤ «ፍሬን አስተምሬ ቡና ያገኘሁበት የመጀመሪያ ቀን» ብሎ ስቋል።

ስትመለሱ ቁልቁለቶቹ ይገለበጣሉ፤ የወጣችሁትን ትወርዳላችሁ። እኔ ከደባርቅ ስመለስ ባሕር ዳር ላይ ግማሽ ቀን አጥፍቼ ሸራውን አስቀየርኩ፤ ደጀን ላይ በሁለተኛ ማርሽ ገባሁ፣ ጎሐ ጽዮን ስወጣ ምንም አልሸተተም። ግቤን ያለፍነው ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሰኮሩ ላይ ቆመን ማንጎ ገዛን፤ ጃኬቶቹን ከሁለት ቀን በፊት አውልቀን ኮፈኑ ውስጥ ጥለናቸው ነበር፣ ሲከፈት የተራራው ጭስ ሸተተን።